የኮርቬት በር አልገጥም ሲል ማጠፊያው ከመነካቱ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የመኪና ገጻችሁን በየጊዜው እናነባለን። አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው የምታወጧቸው ምክሮች ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑንና ጎማውን አይዘሉም። ቦዲውን ከሻንሲው (ከሥር ካለው የብረት አካል) ላይ የሚያስቀምጡት ጎሚኒዎች፣ ማለትም የላስቲክ ድጋፎች፣ ግን እስካሁን ስማቸው ተነስቶ አላየንም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮርቬት የሚባለውን የሼቭሮሌት ስፖርት መኪና አሮጌውን ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው የሚያድሱ ወገኖች አሉ። እነሱን ያለ አግባብ ገንዘብ ከሚያስወጡ ነገሮች አንዱ ይኸው ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

የሚሆነው እንዲህ ነው። በሩ ሲዘጋ ይነካካል፣ ወይም የኋላ ጫፉ ከቦዲው መስመር ወርዶ ይታያል። ባለቤቱ መኪናውን ባትላሜራ ዘንድ ይወስዳል። ባትላሜራው ማጠፊያውን ያስተካክላል፣ የበሩን ጠርዝ ይሞርዳል፣ ቀለም ቀብቶ ይመልሳል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በሩ እንደገና መንካት ይጀምራል፤ አዲሱ ቀለምም ጠርዙ ላይ ይላጣል። ጥፋቱ ከበሩ በታች ስለሆነ ከላይ የሚለፋው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በዚህ መኪና ላይ የበሩን ክፍተት የሚወስነው አስቀድሞ ከሥር ያለው ጎሚኒ፣ ከጎሚኒውም በላይ ጎሚኒው የሚያርፍበት ብረት ነው። ሁለቱ ሳይታዩ ማጠፊያም ቀለምም መነካት የለበትም እንላለን።

የምንናገረው ስለ ሦስተኛው ትውልድ ኮርቬት ነው፤ ከ1968 እስከ 1982 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ስላለው። መጀመሪያ ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ፣ ከ1981 ወዲህ ደግሞ ኬንታኪ ውስጥ ቦውሊንግ ግሪን የተሠራ መኪና ነው። ዛሬ የምንነዳቸው የቤት መኪኖች አብዛኞቹ ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው አንድ ላይ የተበየደ ነው። ይህ ኮርቬት ግን የብረት ሻንሲው ለብቻው፣ የፋይበርግላስ ቦዲው ለብቻው ነው። በፋይበርግላሱ ውስጥ ደግሞ በርድኬጅ የሚባል የብረት አጽም አለ፤ የፊት መስታወቱን ዙሪያ፣ የበር ማጠፊያ ምሰሶዎቹን፣ የበሩን ደፍና የበር ቁልፍ ምሰሶዎቹን አያይዞ የያዘው እሱ ነው።

ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፈው በስምንት ቦታ ነው፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት። የሚቆጠሩት ከፊት ወደ ኋላ ነው። አንደኛው በራዲያተሩ አካባቢ፣ ሁለተኛው በበር ማጠፊያ ምሰሶው ሥር፣ ሦስተኛው ከኋላ ጎማው በፊት፣ አራተኛው ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ይገኛል። ጎሚኒው ሲያረጅ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ለዓመታት ተጭኖበት ስለኖረ ይሟሽሽና ወደ ቀድሞ ቁመቱ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ሙቀት፣ የሞተር ዘይትና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ያደርቁትና ይሰነጣጠቃል። ስምንቱ እኩል አያልቁም። ከሞተሩ አጠገብ ያሉት በሙቀትና በዘይት ቀድመው ይጎዳሉ፤ ከጎማው አጠገብ ያሉት ደግሞ ጎማው የሚረጨውን ውሃና ጨው ይጠጣሉ። ቦዲው የሚጣመመውም ሁሉም እኩል ስለማይወርዱ ነው።

ምልክቱ በር ላይ ብቻ አይታይም። ፋኑ የተሰቀለው በሻንሲው ላይ በተቀመጠው ሞተር ነው፤ የፊተኛው ክፍል ሲወርድ የፋኑ ምላጭ የፕላስቲክ ሽፋኑን ይልሳል። የማርሹ ዘንግ ከካምቢዮው ወጥቶ በቦዲው ቀዳዳ ስለሚያልፍ ቦዲው ሲወርድ ኮንሶሉን ይነካል። የመሪው ግንድ ከቦዲው፣ የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር ስለታሰሩ በመካከላቸው ያለው ተጣጣፊ ማያያዣ ይጣመምና ጨርቁ ይበላል። ወደ ግቢ መግቢያ በሰያፍ ሲወጣ የሚሰማ ሲጥሲጥታ፣ በጉብታ ላይ ከመቀመጫው ሥር የሚመጣ ደብደብ የሚል ድምፅም አለ።

ማጠፊያውን ከጎሚኒው ለመለየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። በሩን በግማሽ ከፍታችሁ የኋላ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱት። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የማጠፊያው ፒንና ቡሽ አልቀዋል፤ እሱ የማጠፊያ ሥራ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰና ክፍተቱ ግን የተበላሸ ከሆነ ወደ ታች ውረዱ። ቀጥሎ በሩን ዝጉና ክፍተቱን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሚሊ ሜትር ለኩ። ከዚያ የፊት ጎማው እስኪነሳ ድረስ በዚያው በኩል ሻንሲውን በክሪክ አንሱና እንደገና ለኩ። ጥቂት ለውጥ ይጠበቃል። ክፍተቱ በዓይን እስኪታይ የሚለወጥ ከሆነ ግን ወይ ጎሚኒው ሞቷል፣ ወይ የብረቱ አጽም ዝጎ ተዳክሟል።

ይህ ሁለተኛው ሳይጣራ ጎሚኒ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ውሃ በፊት መስታወቱ ማዕዘን ይገባል፣ በማጠፊያው ምሰሶ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁለተኛው ጎሚኒ የሚያርፍበት ኪስ ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ ያለው ፋይበርግላስ ስለማይዝግ ቀለሙ እያብረቀረቀ ውስጡ ያልቃል። ክረምቱን መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አካባቢ የኖረ መኪና ደግሞ ከሥርም ይበላል። ስለዚህ ከእግር ማሳረፊያው ጎን ያለውን ሽፋን አውልቁ፣ ምንጣፉን ግለጡ፣ የምሰሶውን ግርጌ በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ጥሩ ብረት ይመልሳል፤ የዛገ ብረት ይገባል ወይም ቅርፊት ያራግፋል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ኪስ፣ ሻንሲው ወደ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታና የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች የሚታሰሩበትን ኪስ እዩ፤ ሻንሲው ከሁሉ ቀድሞ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ኪሱ ከተበላ ቡሎኑ ሲጠብቅ ጎሚኒው ወደ ዝገቱ ይሰምጣል፣ አዲሱ ቁመትም በአንድ ክረምት ይጠፋል። ያ የብየዳ ሥራ ነው። ብየዳው የፋይበርግላሱን ሙጫ ስለሚያቃጥል ዙሪያው ሳይገለጥና የእሳት ማጥፊያ ሳይቀርብ አይጀመርም።

ብረቱ ደህና ከሆነ ወደ ዕቃው እንሂድ። የመኪናው አምራች ጄኔራል ሞተርስ እስከ 1972 ይጠቀምበት የነበረውን ደረቅ የቦዲ ማረፊያ በ1973 ሞዴል ላይ በላስቲክ ስለተካ ከ1968 እስከ 1972 ላለው መኪና የሚሸጠውና ከ1973 እስከ 1982 ላለው የሚሸጠው አንድ አይደለም። ሻጩ ሁሉም ይገጥማል ቢል አትመኑት፤ የሞዴሉን ዓመት ጠቅሳችሁ እዘዙ። የስምንቱን ጎሚኒ፣ የስምንቱን ቡሎን፣ ትላልቅ ሮንዴላዎቹንና በጎሚኒው መሐል የሚገባውን የብረት ቱቦ በሙሉ አንድ ላይ ግዙ። ያለቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው ብሎ ሁለቱን መቀየር ከአለመቀየር ይከፋል። አዲሱ ጎሚኒ ያንን ጥግ ከፍ አድርጎ ቦዲውን ያጣምመዋል፣ ፋይበርግላሱም በመገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከፋብሪካ ማሸጊያው ያልወጣ የድሮ ጎሚኒ የሚያቀርቡም ሻጮች አሉ። ማሸጊያው ውስጥ ቢሆንም ላስቲክ አርጅቷል፤ ጥፍራችሁን ስትጫኑበት ካልተቀበለ ተዉት።

ከላስቲክ ሌላ ፖሊዩሬቴንና አሉሚኒየምም ይሸጣል። ፖሊዩሬቴን ዘይት አያበላሸውም፣ ቶሎም አይሟሽሽም፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል። አሉሚኒየሙ ለውድድር መኪና ይሁን፤ ከ1973 ወዲህ ላለውና በመንገድ ለሚነዳ መኪና አንመክረውም። የሻንሲውን መጠማዘዝ በሙሉ በሙጫ ለተያያዘው ቦዲ ስለሚያስተላልፍ ስንጥቁ ቀለሙ ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ሙያውን የተማሩ መካኒኮች ለላንድ ክሩዘርና ለላንድ ሮቨር እንደሚያደርጉት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መግጠምም ለዚህ መኪና አይሆንም። ጎማ በውስጡ የክርና የሽቦ ንጣፍ ስላለው እንደ ጎሚኒ አይጨመቅም፤ ስምንቱን እኩል ውፍረት አድርጎ መቁረጥም አይቻልም። ያ በወፍራም ላሜራ ቦዲ ላይ ያልፋል፤ ፋይበርግላስ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነትን አይሸከምም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚዘነጋው ነገር ደረስን፦ ስፔሶር። በጎሚኒውና በቦዲው መካከል አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ቀጭን የብረት ቅጠል ይገባል። ሻንሲውም ቦዲውም ከመኪና መኪና ትንሽ ትንሽ ስለሚለያዩ ፋብሪካው በየቦታው የሚያስፈልገውን ቁጥር ለክቶ ያስገባ ነበር፤ አንዱ ቦታ ላይ ምንም፣ ሌላው ላይ ሦስትና አራት ሊገኝ ይችላል። ሠራተኞቹም ቁጥሩን በሰም እርሳስ ሻንሲው ላይ፣ ጎሚኒው ከሚያርፍበት አጠገብ ይጽፉት ነበር። እድለኛ ከሆናችሁ ያ ጽሑፍ ዛሬም ከቆሻሻው ሥር አለ። ሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ አትሂዱበት። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ጥረጉት፣ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ አሁን ያለውን ቁጥር ቆጥራችሁ አስተያዩት። ሁለቱ ካልተስማሙ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ቦዲውን አንስቷል ማለት ነው፤ መነሻችሁ የፋብሪካው ቁጥር ይሁን።

ስለዚህ አንድም ቡሎን ሳይፈታ ወረቀት ይውጣ። ለእያንዳንዱ በር ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሦስት ልኬት፣ ለሁለቱ በር አሥራ ሁለት። የስምንቱን ቦታ ንድፍ ሥሉና በየቦታው የስፔሶሩን ቁጥር ጻፉ። የሚወጣውን ስፔሶር የቦታው ቁጥር በተጻፈበት ትንሽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ለየብቻ አስቀምጡ። አንድ ላይ ከተደባለቀ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ቡሎኖቹን በተከታታይ ሦስት ምሽት ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጡ። ከዚያ በረጅም መፍቻ ቀስ ብላችሁ ጥቂት ፈታ፣ ጥቂት መለስ እያደረጋችሁ አላቅቁ። የአየር መፍቻ እዚህ አያስፈልግም። በተለይ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቦታ ዳዶ በቀጭን ላሜራ ጎጆ ውስጥ ተይዞ አጽሙ ውስጥ ተደብቋል። የአየር መፍቻው ጎጆውን ይቀድደውና ዳዶው ከቡሎኑ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ያኔ መውጫው ወደ ዳዶው የሚያስገባውን ሽፋን ፈትቶ በሁለተኛ መፍቻ መያዝ፣ ሽፋን ከሌለም በጥንቃቄ ቀዳዳ መክፈት ነው። እሳት ለማሞቅ የሚፈተን ሰው አለ። ላስቲክ፣ ሙጫና የቤንዚን መስመር በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ናቸው፤ አይሞከርም።

ቦዲውን ሙሉ በሙሉ ሳያወርዱ ጎሚኒውን መቀየር ይቻላል፤ ለዚህም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ማንሳት ይበቃል። ከማንሳት በፊት ከቦዲም ከሻንሲም ጋር የታሰረውን ሁሉ ፍቱ። ባትሪው ከመቀመጫው ጀርባ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይላቀቅ። ቀጥሎ የመሪው ማያያዣ ቡሎን፣ የፋኑ ሽፋን፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት የፓራውልት ክንዶች፣ የማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ገመዶች፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ፣ የማርሹ ዘንግ ጫፍ፣ የፍሪሲዮኑ ማያያዣ። የፍሬን ቱቦዎችና የራዲያተር ጎማዎች ለሦስት ሴንቲ ሜትር ሊበቃቸው ይችላል፤ ግን ክሪኩ በሚነሳበት ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ዓይኑን ከእነሱ ላይ አይንቀል። ጣሪያው የሚነሳ ከሆነ ሁለቱ የጣሪያ ክፍሎች በቦታቸው ተቆልፈው ይቆዩ። እስከ 1975 በተሠራው ጣሪያ አልባ ሞዴል ላይ ደግሞ የበሩ ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ካልተወጠረ ቦዲው መሐሉ ላይ ይታጠፋል።

ክሪክ በቀጥታ ከፋይበርግላስ ወለል ሥር አይገባም፤ ወለሉን ይበሳዋል። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወፍራም ጣውላ ከበሩ ደፍ ሥር፣ የአጽሙ ብረት ካለበት ላይ አድርጉና ጭነቱ እንዲከፋፈል ሁለት ክሪክ ተጠቀሙ። ሻንሲው ራሱ በአራት ካባሌቶ (የማይወርድ የብረት መደገፊያ) ላይ እኩል ይቀመጥ። ስምንቱንም ቡሎን ካላላችሁ በኋላ በአንድ በኩል ያሉትን አራቱን አውጡ፤ የሌላው በኩል አራቱ ጥቂት ዙር ላልተው በቦታቸው ይቅሩ። እነሱ ቦዲው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዙታል። በአንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር አንሱ፣ ቆም ብላችሁ እዩ፣ ቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ያልተፈታ ነገር አለ፤ በኃይል አታንሱ። የሚነሳው ቦዲ ሥር እጅ ከማስገባታችሁ በፊት ጣውላ መደገፊያ ይግባ፤ ክሪክ ይወርዳል።

አሮጌው ወጥቶ፣ ማረፊያው ተጠርጎና ጸረ ዝገት ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ አዲሱን ጎሚኒ ከስፔሶሩ ጋር አስቀምጡ። ስፔሶሩ እንዳይንሸራተት በጥቂት ስኮች ይያዝ። ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስገቡና ቦዲውን አውርዱ። ከዚያ ሌላኛው ጎን።

ከማጥበቅ በፊት አንድ ፍተሻ አለ፤ ሥራው የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቦዲው በራሱ ክብደት ብቻ ሲቀመጥ ስምንቱም ጎሚኒ መንካት አለባቸው። አንዱ ላይ ክፍተት ካለ ክፍተቱን በስፔሶር ሙሉ። ቡሎን ክፍተት መዝጊያ አይደለም። ቡሎኑን አጥብቆ ቦዲውን ወደ ታች የሚጎትት ሰው ፋይበርግላሱን በዚያ ጥግ አጥፎት ይሄዳል፤ ስንጥቁም በዓመቱ ይታያል። ከዚያ መኪናው በጎማው ላይ ይውረድ፣ በአራቱም ጥግ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይረፍ። ሻንሲው በካባሌቶ ላይ ያለው ቅርጽና በጎማው ላይ ያለው ቅርጽ አንድ ስላልሆነ የመጨረሻው ልኬት በጎማው ላይ እንጂ በካባሌቶ ላይ አይወሰድም። አጠባበቁ ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ መጀመሪያ፣ አንደኛና አራተኛ በመጨረሻ፣ ሁሉም በሁለት ዙር። ልኩን ከሞዴሉ ዓመት የጥገና መጽሐፍ ላይ ወስዳችሁ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) አጥብቁ። ክሩ ላይ ቅባት ካደረጋችሁ በደረቅ ክር የተጻፈው ልክ ከመጠን በላይ ያጠብቃልና ዝቅ አድርጉት።

አሁን አሥራ ሁለቱን ልኬቶች እንደገና ውሰዱና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መሐሉ ዝቅ ብሏል ወይም ዳርና ዳሩ ከፍ ብሏል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ ላይ ስፔሶር ጨምሩ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የፊተኛው ወይም የኋለኛው ጫፍ ወርዷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከበሩ በፊትና ከበሩ በኋላ ያለውን ክፍተት ለየብቻ እዩ፤ የተለወጠው ወደ ጥፋተኛው ያመለክታል። በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አንድ ስፔሶር ብቻ ጨምሩና እንደገና ለኩ። ማጠፊያውን የምትነኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ማስተካከያ ጥቂት ነው።

የማሳ ገመዶቹን በተመለከተ፣ ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ላስቲኩም የብረቱን አጽም ከሻንሲው ይለየዋል። ገመዶቹ ተረስተው ከቀሩ ወይም የሚነኩት ብረት ካልተፋቀ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የዳሽቦርዱ ጌጆች ይዋሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወደ ኤሌክትሪሺያን ይሮጣል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አዲሱ ጎሚኒ ስለሚረጋ ስምንቱም ቡሎኖች አንድ ጊዜ በቶርክ መፍቻ ይታዩ።

ይህን ሥራ ሁለት ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ቡሎን ካልተሰበረ። ዕቃው ለአንድ በር ቀለም ከሚጠየቀው ያነሰ ዋጋ አለው። አዘጋጁ በሚቀጥለው የአሮጌ መኪና ግዢ ዝርዝር ላይ ሦስት መስመር እንዲጨምሩልን እንጠይቃለን፦ በሩን አንስቶ ማየት፣ ክፍተቱን መኪናው በጎማው እያለና በክሪክ ተነስቶ መለካት፣ የማጠፊያ ምሰሶውን ግርጌ ምንጣፍ ገልጦ መንካት። ሻጩ ምንጣፉ እንዲገለጥ ካልፈቀደ ዋጋው ላይ ከመነጋገር በፊት ምክንያቱ ይጠየቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሮጌ መኪና ጥገና ባለሙያዎች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ